የለም

“የለም”ን የተማርኩት ቅኔ ቤት ሳይሆን ሱቅ ነው። ስኳር የለም፤ ዘይት የለም፤ ዝርዝር የለም። ሌላውን ፍቺውን ያገኘሁት ዘግይቼ፣ ጨዋ ሰዎች ሲከራከሩ ሳዳምጥ ነው። “የለም፣ እንደሱ አይደለም” ብለው ይጀምራሉ። “እምቢ” ጠመንጃ ያነሳ ይመስላል፤ “አይ” ትከሻውን ሰብቆ ይሄዳል። “የለም” ግን ነጠላውን አጣፍቶ፣ ወንበር ስቦ ተቀምጦ የሚቃወም ቃል ነው። ግዕዙም ቢሆን “አልቦ” ሲል ማጣቱንም መካዱንም በአንድ አፍ ነው የሚናገረው።

የሰፈራችን ሰብሳቢ የዚህ ቃል ሊቅ ናቸው። ባለፈው ስብሰባ ሪፖርቱን አነበቡልን፤ “በሰፈራችን ውሃ አለ” ይላል። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና “ተቃውሞስ አለ?” አሉ።

ጎረቤቴ አናጢው ቢጫ ጀሪካኑን እግሩ ሥር እንዳስቀመጠ ተነሣ። “የለም!” አለ።

ውሃውን ይሁን፣ ተቃውሞውን ይሁን፣ ወይስ ሪፖርቱን በሙሉ፣ ሰብሳቢው ሊጠይቁት ይችሉ ነበር። ሊቅ ግን አይጠይቅም። “ተቃውሞ የለም፤ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል” አሉ። አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ ከታጠበ ሰንብቶ ደርቆ ስለነበር ጥርት ብሎ ጮኸ።

አናጢው አልተቀመጠም። ሰብሳቢው በትዕግሥት ጥያቄውን ገለበጡለት፦ “ተቃውሞ የለም፣ አይደል?” አሁን እንግዲህ “አዎ” ቢል ተስማምቷል፤ “የለም” ቢልም ተስማምቷል። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያዋቅር ሰው በየሰፈሩ አይገኝም። አናጢው ጥቂት አሰበና፣ ጥርሱን ነክሶ፣ አጥብቆ “አለ!” አለ።

ጸሐፊው ያንኑ ጻፈ። ፊደላችን ደግሞ፣ እድሜ ይስጠውና፣ የጠበቀውንና የላላውን ለይቶ አያሳይም። በሚቀጥለው ስብሰባ ቃለ ጉባኤው ሲነበብ ጸሐፊው ቃሉን አላልቶ አነበበው፦ “አናጢው አለ።” ምን እንዳለ አልተመዘገበም።

ቃለ ጉባኤው እንዳለቀ ስም ጥሪ ሆነ። አናጢው ጋ ሲደረስ ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት ቀስ ብላ “የለም” አለች።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ጸሐፊው ብዕሩን እንዳንጠለጠለ ቀና ብሎ፦

“የትኛው የለም?”