ውዳሴ ባሕር

ከአውሮፓና ከአሜሪካ ለአንድ መንፈቅ ወደ ባርሴሎና የሚላኩት ወጣቶች ትምህርቱን ትተው አሸዋ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ይውላሉ እየተባሉ ሲታሙ በሰማን ጊዜ፣ ሐሜቱ ከቅናት በቀር ሌላ ሥር እንደሌለው ተረድተን፣ ይህችን አጭር ውዳሴ ልናቀርብላቸው ወደድን።

አስቀድሞ የሚጠራቸውን የማስታወቂያ ወረቀት አይቶ መፍረድ ይገባል። በሽፋኑ ላይ ያለው ባሕር ነው፤ በሁለተኛው ገጽ ፀሐይ በዚያው ባሕር ላይ ስትጠልቅ ትታያለች፣ ምንም እንኳ ባሕሩ ከከተማይቱ በስተ ምሥራቅ ቢሆን (ፎቶ አንሺው ይህን ተአምር በየትኛው ጸሎት እንዳገኘው አልተገለጠም)። ስለ መምህራኑ የተጻፈው በመጨረሻው ገጽ፣ ከኢንሹራንሱ በታች፣ በደቃቅ ፊደል ነው። እንግዲህ በባሕር የተጠራ ወደ ባሕር ቢወርድ ምን ኃጢአት ተገኘበት?

ታሪክም ይመሰክርላቸዋል። የባርሴሎና ዩኒቨርሲቲ በ1450 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) በንጉሥ አልፎንሶ 5ኛ ፈቃድ ተመሠረተ፤ ዛሬ ተማሪው ሁሉ የሚሳለመው የባሕር ዳርቻ ግን፣ ፋብሪካውና የባቡር ሐዲዱ ተነሥቶለት፣ ለ1992ቱ ኦሊምፒክ የተሰናዳ ነው። በ542 ዓመት የሚበልጠውን ጉባኤ ቤት ደቀ መዛሙርቱን የነጠቀው ይህ ታናሽ፣ ሊቅ ቢባል አይበዛበትም።

ከዚህ ይልቅ ልብ የሚነካው የንጉሥ ፊልጶስ 5ኛ ጭካኔ ነው። በ1714 ከተማይቱን ድል ካደረገ በኋላ ሊቀጣት ቢሻ፣ ዩኒቨርሲቲዋን ነቅሎ ከባሕር ርቃ ወደምትገኘው ወደ ሰርቬራ ወሰደባት፤ በዚያም ሕግና ነገረ መለኮት ከመቶ ዓመት በላይ ያለ አሸዋና ያለ ማዕበል ሲነገር ኖረ። እንዲህ ያለው ኑሮ ለቆሎ ተማሪ እንጂ ለጨዋ ልጅ የሚገባ አይደለም።

በ1987 የቆመው የአውሮፓ ተማሪዎች ልውውጥ በስሙ የሚያስታውሰው የሮተርዳሙ ኤራስመስም ቢሆን ለወጣቶቹ መጥፎ አርአያ ነው። ይህ ሰው በውሃ ላይ ወደ ተሠራችው ወደ ቬኒስ ሄዶ፣ ያን ሁሉ ውበት ከደጅ ትቶ፣ በአልዱስ ማተሚያ ቤት ውስጥ የግሪክና የላቲን ምሳሌያዊ ንግግር ሲለቅምና ሲያርም ሰንብቶ፣ በ1508 ከ3,000 በላይ የያዘ መጽሐፍ አሳተመ። ጉዞው እንዲህ ባከነ!

ቋንቋ አልለመዱም መባላቸውም ስም ማጥፋት ነው። መምህሩ በካታላን ሲናገር ወጣቱ በትሕትና ዝም ይላል፤ ማታ ግን ከአገሩ ልጆች ጋር በአንድ ቤት ተሰብስቦ፣ ከእናቱ ጓዳ ይዞት በመጣው ቋንቋ፣ ባዕድ አገር አእምሮን እንዴት እንደሚያሰፋ ሲከራከር ያነጋል።

በአውሮፓ ሥርዓት መንፈቁ 30 ክሬዲት ነው፣ ለአንዱም ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይታሰብለታል። ይህን የደነገጉት ሊቃውንት ጀርባንና ደረትን በእኩል ለማጠየም የሚፈጀውን ድካም ከቁጥር አለማስገባታቸው ግፍ ነው።

ስለዚህ ፊልጶስ የጀመረው ይፈጸም። ቤተ መጻሕፍቱና መምህራኑ እንደ ገና ወደ ሰርቬራ ይጫኑ፤ ማንበብ የሚያምረው በባቡር ሄዶ ያንብብ። ፈተናው ለወጣቶቹ ከተጋደሙበት ድረስ ይምጣላቸው፤ ወረቀቱን ነፋስ እንዳይወስደውም በላዩ ላይ ጠጠር የሚያኖር አንድ ረዳት መምህር ይመደብላቸው።