አገር ስጠኝ አልኩህ እንጂ ኑርልኝ አልኩህ?

«ምስል የሌለው ጌም ምኑን ጌም ሆነ?» ይለኛል አንዱ። አያትህ እሳት ዳር ተቀምጠው «እንቆቅልህ» ሲሉህ ስክሪን ነበራቸው? መልሱ ሲጠፋህ «አገር ስጠኝ» ይሉሃል፤ ጎንደርን ትሰጣለህ፤ በሰጠሃቸው ጎንደር ገብተው፣ በልተው ጠጥተው፣ አንተን ተርበው ይመለሳሉ። አንዲት ሥዕል ሳይታይ ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

በቴሌግራም ግሩፕ የምንጫወተው የጽሑፍ ጨዋታም ከዚህ አይርቅም። አንዱ አጫዋች ይሆናል፤ አገሩን፣ አየሩን፣ መንገድ ላይ የገጠመውን ይጽፋል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው፣ ያ ሰው ምን እንዳለና ምን እንዳደረገ ይጽፋሉ።

«የፈረንጅ ነገር!» ለሚለው፦ እውነት ነው፤ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለውን ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1974 አሳተሙ። በ1978 ደግሞ ሮይ ትሩብሾ በእንግሊዙ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ «መድ» የሚባለውን፣ ብዙ ሰው በኮምፒውተር በጽሑፍ ብቻ የሚጫወተውን ጀመረ፤ ሪቻርድ ባርትል ቀጠለበት። ሕጉን ከእነሱ ተማርን። አገር መስጠትን ግን ማንም ሊያስተምረን አይመጣም።

«በድምፅ አይሻልም?» እኛ ያለንባት ጫንጮ ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ማታ መብራት ሲሄድ ኔትዎርኩም አብሮ ይዳከማል፤ ድምፅህ ተቆራርጦ «ሃሎ፣ ሃሎ» ብቻ ይተርፋል። ጽሑፍ ግን ኔትዎርክ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ደግሞስ ሲሚንቶ ሊጭን ደርባ የሚመላለስ ሹፌርና ጎህ ሳይቀድ ወተት የምታስረክብ ልጅ በየትኛው ሰዓት ይገናኙልህ? እሱ ወረፋ ሲጠብቅ ይጽፋል፣ እሷ ከሰዓት ትመልሳለች።

«እሺ ቶሎ ቶሎ መልሱ!» የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ፍጥነት ካማረህ እንካ ስላንቲያ አለልህ፤ እዚያ የዘገየ ይረታል። እዚህ ግን በቀን አንዴ ጻፍ፣ አስበህ ጻፍ።

«ሰው ይጨመር፣ ሃያ እንሁን!» ሃያ ከሆናችሁ እድር ናችሁ፤ ጨዋታው ሲሞት ትቀብሩታላችሁ። እኔ አራት ተጫዋች ይበቃኛል። አራቱም ይናገራሉ፣ አራቱም ይደመጣሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንዱ አጫዋች እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «የሙገር ገደል አፋፍ ላይ ናችሁ። ጭጋግ ወርዷል። አንድ አህያ ከነጭነቷ ቆማለች፤ ባለቤቷ የለም።» እጅህን ይባርክ! ልጆቹ ስልካቸው ላይ ተደፉ፤ አንዱ ጭነቱን ሊፈታ፣ አንዷ ዱካ ልትፈልግ። እሱ ግን መልስ ሳይጠብቅ ቀጠለ፦ «ፈራችሁ። ወደ ጫንጮ ሸሻችሁ።» ማን ፈራ? ማን ሸሸ? አገር ስጠኝ አልኩህ እንጂ ኑርልኝ አልኩህ? ብቻህን መጫወት ካሰኘህ ልብ ወለድ ጻፍ፤ የተከበረ ሙያ ነው፣ እኛም ገዝተን እናነብልሃለን። ለብቻ የሮጠን የሚቀድመው የለም። ጥሩ አጫዋች ጽሑፉን የሚዘጋው «ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ነው፤ ከዚያ በኋላ እጁን ይሰበስባል።

ተጫዋቹም ጻድቅ አይደለም። «ሽፍታውን በአንድ ምት ገደልኩት» ይላል። ወንድሜ፣ ሰነዘርኩ በል፤ መድረሱን ዳይሱ ይንገርህ። ቴሌግራም ላይ የዳይሱን ምልክት ስትልክ ከ1 እስከ 6 ያለውን ቁጥር የሚያወጣው ራሱ ቴሌግራም ነው፤ ጣትህ አይነካውም። 1 ከወጣብህ ወድቀህ ተነሣ። መውደቅ የማይችል ሰው ምን ታሪክ ይወጣዋል?

ባርትል እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው ጽሑፍ ተጫዋቾችን በአራት ከፍሏቸው ነበር፦ ነጥብና ማዕረግ የሚያሳድድ፣ አገሩን ዞሮ የሚያስስ፣ ለሰው ብሎ የሚመጣ፣ ሌላውን ለማጥቃት የሚገባ። «አንተ የቱን ትመርጣለህ?» ካላችሁኝ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ስጡኝ። «አህያዋ የማን ናት?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው፣ ሰይፍ ከሚያወዛውዝ አሥር ሰው ይልቅ ጨዋታውን ወደፊት ይገፋዋል።

«ለምን ዘንዶና የበረዶ ግንብ የለበትም?» የበረዶ ግንብ ከፊልም ትቀዳለህ፤ የሱሉልታን ሜዳ የጥቅምት ውርጭ ግን ጣትህ ያውቀዋል። የሲራራ ነጋዴ፣ የእንጦጦ ዳገት፣ የሙገር ገደል እያለልህ ምን አስቸገረህ? ገበያተኛዋም በኦሮምኛ ትመልስ፤ የገባው ላልገባው ይተርጉም። ጫንጮ ገበያ እንዲሁ ነው የሚነገረው፤ እንቆቅልሽ ያለው እንቆቅልሹን፣ በኦሮምኛ ሂቦ የሚለውም ሂቦውን ይዞ ይምጣ።

«ልጄ፣ ከዚህ ምን ታገኛለህ?» ላሉኝ እናት፦ እማማ፣ ፊት ለፊት ቃል የማይወጣት ልጅ እዚህ ዳኛ ሆና ስትፈርድ አይቻለሁ። በሁለተኛው ወር ግሩፑ ውስጥ ስትከራከር የነበረችውን፣ በሦስተኛው ወር ሻይ ቤት ውስጥ ስትከራከር ሰማኋት። እርስዎም ቢሰሟት ይመርቋት ነበር።

የመጨረሻው ቃሌ መሀል መንገድ ላይ ጥሎ ለሚጠፋው አጫዋች ነው። ሰው ሥራ ይበዛበታል፣ ይታመማል፣ ይሰለቻል፤ ማንም አይቀየምህም። አራት ሰው ግን ማታ ማታ ስልኩን እየከፈተ ይጠብቅሃል። «ሥራ በዝቶብኛል፤ ጨዋታውን ተረከቡኝ» ብሎ መሰናበት ስንት ሜጋባይት ይፈጃል?