ላም አለኝ በሰማይ፣ በሰዓት 161 ኪሎ ሜትር

አሜሪካ ውስጥ አርብ ማታ የኮሌጅ ቤዝቦል ሊያይ የገባ ሰው፣ ከጨዋታው ይልቅ ተመልካቹ ሊያዝናናው ይችላል። አርብ ቡድኑ ቁንጮ ወርዋሪውን የሚያሰልፍበት ቀን ነው። ከመቺው ጀርባ፣ ከመረቡ ኋላ፣ ኮፍያ የደፉ ጎልማሶች ተደርድረዋል፤ የከፍተኛው ሊግ፣ የሜጀር ሊግ፣ ክለቦች የላኳቸው መልማዮች ናቸው። ልጁ ሊወረውር እግሩን ሲያነሣ በእጅ የሚያዘውን ራዳራቸውን አብረው ያነሣሉ። ኳሷ ስታልፍ አብረው አቀርቅረው ቁጥሩን ያነባሉ። መቺው ኳሷን አጥር አሻግሯት ከሆነ ወሬውን የሚሰሙት ከሕዝቡ ጩኸት ነው፤ እነሱማ የጎረቤታቸው ራዳር ስንት እንዳለ እያጮለቁ ነው።

ሥራቸው ቀላል ነው አይባልም። የ21 ዓመት ልጅ ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን ዛሬ መናገር አለባቸው። ለዚህም ከ20 እስከ 80 የሚሄድ መለኪያ አላቸው። 50 የሜጀር ሊግ መካከለኛ ነው፤ 80 ለጥቂት ምርጦች የተጠበቀች ናት። ከ20 በታች የለም፤ ምንም የማይሆንለትም ሃያ አያጣም። ፈጣኑ ኳስ፣ ኩርባው ኳስ፣ ያሰበበት የማሳረፍ ችሎታው፣ ሁሉም ለየብቻ ይሞላል። ጉዱ ግን እያንዳንዱ ሁለት ነጥብ ማግኘቱ ነው፤ አንዱ የዛሬ፣ አንዱ የወደፊት። ኩርባው ዛሬ 45፣ ወደፊት 60። ገና ላልተቀመጠበት ፈተና ውጤቱ አስቀድሞ የሚሞላለት ተማሪ ያለው እዚህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ቁጥሩ ያላረካው መልማይ ወደ ቁመናው ይዞራል። ልጁ ቀጭንና ረጅም ከሆነ «ገና ሥጋ ይይዛል» ይባላል። እናትና አባቱ ከመጡም ቁመታቸው በዓይን ይለካል። አንጋፋዎቹማ «ፊቱ ጥሩ ነው» እስከማለት ይደርሱ ነበር። በመልኩ መቺ ያስወጣ ወርዋሪ ግን እስካሁን አልተሰማም።

ቲም ሊንስከም የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ወርዋሪ ነበር። ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 ገደማ፣ ሰውነቱም ሲባጎ የሚያህል። ክለቦች ተራ በተራ ልጆችን በሚመርጡበት ድራፍት፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ዘጠኝ ሌሎች ልጆች ከተጠሩ በኋላ ሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ በ10ኛነት ወሰደው። በ2008 እና በ2009 የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ የሚሸለመውን ሳይ ያንግ በተከታታይ ወሰደ። ጄከብ ዲግሮም ደግሞ በ2010 የተጠራው 272ኛ ሆኖ ነው፤ የፊርማ ክፍያውም 95,000 ዶላር ነበር። እሱም ይህንኑ ሽልማት ሁለት ጊዜ በልቷል።

በተቃራኒው ማርክ አፔል ምንም አልጎደለውም፤ ቁመት፣ ፍጥነት፣ ስታንፎርድ። በ2012 ስምንተኛ ሆኖ ሲመረጥ የቀረበለትን ትቶ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። በ2013 ሂዩስተን አስትሮስ የድራፍቱ አንደኛ አድርጎ 6.35 ሚሊዮን ዶላር ከፈለው። ከእሱ ቀጥሎ የተጠራው ክሪስ ብራያንት በ2016 የሊጉ ኮከብ ተባለ፤ አፔል ለሂዩስተን ዋና ቡድን አንዲት ኳስ ሳይወረውር በልዋጭ ለሌላ ክለብ ተሰጠ። በ2018 ጨዋታውን ተወ፣ ቆይቶ ተመለሰ፣ ሜጀር ሊግ የገባው በ30 ዓመቱ በ2022 በፊላደልፊያ ማልያ ነው፤ ስድስት ጨዋታ ተጫወተ። ልጁ ተስፋ ባለመቁረጡ ሊመሰገን ይገባዋል። ላም አለኝ በሰማይ ያሉት ከፋዮቹ ናቸው።

ዋሽንግተን ዲሲ የኖረ አንባቢ የስቲቨን ስትራስበርግን ስም ሳይሰማ አይቀርም። በ2009 በከተማዋ ክለብ አንደኛ ተመርጦ በ15.1 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። በ2010 በመጀመሪያ ጨዋታው 14 መቺዎችን አስወጣ፤ በዚያው ዓመት የክርኑ ጅማት ተቀደደ። ከቀዶ ሕክምና ተነሥቶ በ2019 የወርልድ ሲሪስ፣ የሜጀር ሊጉ ፍጻሜ፣ ኮከብ ሆነ። ክለቡም አሥር ዓመት ሙሉ በቅርብ ያየውን ክንድ ለሰባት ዓመት በ245 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። ከዚያ በኋላ የተጫወተው ስምንት ጨዋታ ነው። አሥር ዓመት ያየው ክለብ ያላወቀውን ክርን፣ ሦስት አርብ ያየው መልማይ ያውቀዋል ይሉናል።

አንዳንዴ ይሳካል፤ አይካድም። ከሉዊዚያና ስቴት የወጣው ፖል ስኪንስ፣ በሰዓት 161 ኪሎ ሜትር የሚወረውረው፣ በ2023 አንደኛ ተመረጠ፤ በ2024 የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋች፣ በ2025 የሳይ ያንግ ባለቤት ሆነ። ዛሬ «እኔ ያኔ ብዬ ነበር» የማይል መልማይ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። አፔል ይሳካለታል ያለው ግን ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ሁሉም ያን ቀን ሌላ ከተማ ነበር።

ጣጣው ግን ሳቅ ብቻ አይደለም። ራዳሩ የሚያየው ፍጥነትን ስለሆነ ልጆቹም የሚያሳዩት ፍጥነትን ነው። ዶክተር ፍራንክ ጆብ በ1974 የወርዋሪውን የቶሚ ጆንን ክርን በራሱ ጅማት ሲጠግኑ ብርቅ ሕክምና ነበር፤ ዛሬ የወርዋሪዎች የተለመደ ታሪክ ሆኗል። ሜጀር ሊጉ ራሱ በ2024 መጨረሻ ባወጣው ጥናት ጣቱን የቀሰረው፣ ባለ በሌለ ኃይል በመወርወርና ፍጥነትን በማሳደድ ላይ ነው። እንግዲህ ልጁን ያስመረጠው ነገርና ክርኑን የሚበጥሰው ነገር አንድ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ ክንደ ብርቱ ከሆነና ባለራዳሮቹ ከመጡ ቡና አፍሉላቸው፣ በአክብሮትም አዳምጧቸው። የአራት ዓመት ኮሌጅ ልጅ ለድራፍት የሚበቃው ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ ወይም 21 ዓመት ሲሞላው ነውና፣ ከመፈረሙ በፊት ስለቀረው ትምህርት ክፍያ በውሉ ውስጥ አስጽፉ። 60 ወደፊት ትመጣለች ተብላለች፤ ዲግሪው ግን ሲጨርስ በእጁ ነው።