ለገሳይ ምን ተረፋት?

የአለቃ ገብረ ሐና ውርስ ተከፋፍሎ አልቋል። ናበጋ ጊዮርጊስ ልደታቸውን ወሰደች፤ በ1814 ዓ.ም. ገደማ እዚያ ፎገራ ሜዳ ላይ መወለዳቸውን የሚከራከር የለም። ጎጃም ቅኔያቸውን ያዘ። ጎንደር በዓታን ጠቅሳ ሊቅነታቸውን በስሟ አዛወረች። ዘጌ ሐይቁንና ሸምበቆውን፣ እንጦጦ የምኒልክንና የጣይቱን ግቢ ይዘው ቀረቡ። ደብረ ታቦር የልጃቸውን የተክሌን አቋቋም አቅፋ ተቀመጠች። አዲስ አበባ ደግሞ ሳትወልድ ሳታሳድግ ቀልዳቸውን በመጽሐፍ አሳትማ ሸጠች። ለገሳይ ምን ተረፋት? ብርድ።

እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ሽማግሌ ደግሞ ውርስ ሲካፈል እያየ ዝም አይልም። ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ የሚሄድ መንገደኛ ገሳይን የሚያያት በመኪና መስኮት ነው፤ እሱም ካልተኛ። ከራሳችን በላይ ጉና ከ4,000 ሜትር አልፎ ጉም ተከናንቦ ተቀምጧል። ፎገራዎች ታች ከጣና አጠገብ ርብና ጉማራ እያጠጧቸው፣ ከብታቸው በስማቸው ተጠርቶላቸው፣ ሩዝ እየበሉ ይኖራሉ። ሩዝስ ቢሆን ከነሱ ጋር መቼ ተዋወቀ? በ1970ዎቹ የመጣ እንግዳ አይደለም? ዛሬ «የፎገራ ሩዝ» ተብሎ አገር ለአገር ይዞራል። ትናንት የመጣ እህል የፎገራ ልጅ ከተባለ፣ ዕድሜ ልኳን እዚሁ የቆመችው ገሳይ ከአለቃ ዝምድና አንዲት ክር ቢሰጧት ማን ይጎዳ ነበር?

ደብረ ታቦርንም አልምራትም። ምን የጎደላት ከተማ ናትና ነው? ራስ ጉግሣ አላት፣ ራስ ዓሊ አላት፣ ቴዎድሮስ አላት። ሴባስቶፖል የተሠራበት ጋፋት ከእጇ ላይ ነው። ስሟን ከወንጌል ተራራ ወስዳ ቡሄን የራሷ በዓል አድርጋዋለች። በዚህ ሁሉ ላይ ማኅሌቱን ደረበችበት። ሀብታም ዘንድ ነው ዘመድ የሚበዛው።

ዘመድ ካልን ዘንድ፣ የአለቃ ዘመድ ብዛት ይገርማል። ፎገራ ወርደህ ወረታ ሻይ ቤት ውስጥ ቁጭ በል፤ ብርጭቆህ ሳይቀዘቅዝ አንዱ ይጠጋህና «እኔኮ የአለቃ ዘር ነኝ» ይልሃል። በእናት ነው ወይስ በአባት ብትለው «በሁለቱም» ይልሃል። ትንሽ ቆይቶ ሌላው ይመጣል፤ እሱ ደግሞ ያኛውን ዘር አይደለም ብሎ ይምልልሃል። እንግዲህ እኛ አገር ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ይህ ሁሉ ሰው እውነት የአለቃ ዘር ከሆነ ፎገራ ውስጥ ማን ማንን ያገባል? ሁሉም ወንድምና እህት ሆኖ መቅረቱ ነው። ይህን ለአንዱ ባለ ዘር ብነግረው ትንሽ አሰበና «እንግዲህ የሚስቴን ወገን አልቆጥርም» አለኝ።

ደግሞ ልብ በሉ፤ ሁሉም የሚወርሰው ምላሱን ነው። «ቅኔው ወደ እኔ ዞሯል» የሚል ወራሽ አላጋጠመኝም። «ድጓውን ከሳቸው ቆጥሬ ነው የያዝኩት» የሚልም የለም። አፉ የፈጠነ ጎረምሳ ሁሉ፣ ሰው ሰድቦ ሲያበቃ «ምን ላድርግ፣ የአለቃ ደም ነው» ይላል። ባለጌነትን በዘር ማሳበብ እንዴት ደስ ይላል!

ሳቅ የምጠላ እንዳይመስላችሁ። እነ አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ በካሴት በመጡ ጊዜ ባትሪ ድንጋይ እየገዛሁ ነው የሳቅኩት። የዛሬ ልጆች በስልክ የሚያዩትንም ቢሆን አንዳንዴ ከትከሻቸው በላይ ሆኜ አይቼዋለሁ። እኔን የሚያቃጥለኝ ባለቤት ያጣ ቀልድ ሁሉ አለቃ ጀርባ ላይ መጫኑ ነው። በቴዎድሮስ ዘመን የነበሩ ሰው ባጃጅ ሲሳፈሩ ሰማሁ። ሾፌሩን በሒሳብ ሲከራከሩት! ቀልዱን ያወራው ልጅ «ታዲያ ምናለበት?» አለኝ። ምናለበት? በሚቀጥለው ዓመት የስልክ ካርድ ያስሞሉልሃላ።

ያለውንም ቀልድ በወጉ የሚያወራው ጠፋ። አህያዋን እየነዳች የምትሄደዋን ሴት ታውቋታላችሁ። አለቃ መንገድ ላይ ያገኟትና «እንደምን አደራችሁ?» ይሏታል፤ አህያዋንም አብረው ሰላም ማለታቸው ነው። ይኸው ነው ቀልዱ፤ ከዚህ የሚረዝም ነገር የለውም። አንዱ የኛ ሰፈር ልጅ በሠርግ ቤት ተነሥቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ይህችኑ ጀመረና «እንደምን አደርሽ አሏት» ብሎ ጨረሰ። ሰው ጠበቀ። ልጁም ጠበቀ። በኋላ ሙሽራው አዝኖለት ሳቀ። እኔ ጋቢዬን ፊቴ ላይ ጎትቼ ለአለቃ አለቀስኩ።

ለነገሩ በዓለምም ያለ ነው። ቱርኮች ነስረዲን ሆጃ የሚሏቸው ሰው አሏቸው፤ አለቃን የመሰሉ፣ ጥምጣማቸው ትልቅ፣ አህያቸው ትንሽ። መቃብራቸው አክሼሂር በሚባል ከተማ ነው፤ በሩ ላይ ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፣ በዙሪያው ግን ግድግዳ የለም። በሩን ቆልፈውት ሲያበቁ በጎን መግባት ነው! ቱርኮች ይህን ይዘው ሲኩራሩ ኡዝቤኮች በበኩላቸው ቡኻራ ላይ ነስረዲንን በአህያ አስቀምጠው ሐውልት አቆሙላቸው። አንድ ቀልደኛ ለሁለት አገር ከበቃ፣ የኛው አለቃ ከፎገራ ተርፈው እስከ ጉና ሥር መድረስ እንዴት ያቅታቸዋል?

ይህን ሁሉ የምለው ግን በቀልዱ ብቻ ቀንቼ አይደለም። እዚህ ላይ ነገሩ ቁም ነገር ይሆንብኛል፤ ብትፈልጉ ዝለሉት።

አለቃ ከቀልደኛነታቸው በፊት የማኅሌት ሰው ናቸው። እንደሚተረከው ጣና ዳር ተቀምጠው ሳሉ ሸምበቆው ከውሃውና ከነፋሱ ጋር ወዲያና ወዲህ ሲል ያያሉ። ሌላው ሰው ያንን ሲያይ እንቅልፉ ይመጣል። እሳቸው ግን ካህናት መቋሚያ ይዘው ሲዘሙ እንዲህ ቢወዛወዙስ ብለው አሰቡ፤ ስልቱን ቀምረው ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት። ጎንደር ይህን ስታይ ተቆጣች። የቁም ዜማውና ዝማሜው የደረሰበት ደርሷል፣ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ ተለይቷል፣ ደግሞ ይህ የሐይቅ ዳር መወዛወዝ ምንድን ነው አለች። የተቀበለው ደብረ ታቦር ነው። ዛሬ የተክሌ አቋቋም ሲባል ምስክሩ ደብረ ታቦር ኢየሱስ ነው፤ ከሸዋ ከወሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ የሚመጣው ለዚያ ነው። መረግዱና ጽፋቱ ሲደርስ፣ ከበሮው ሲፈጥን፣ ጸናጽሉ አብሮ ሲል፣ ያ የካህናት ሰልፍ አንድ ላይ ወደ ቀኝ ሲያዘነብልና አንድ ላይ ሲመለስ ያየ ሰው፣ አለቃን በአህያ ሰላምታ ብቻ ለማስታወስ ያፍራል።

እኔም በልጅነቴ ሞክሬው ነበር። ጉልበቴ ለዝማሜ አልታዘዝ አለ። የኔታ «አንተ ልጅ፣ ሸምበቆ ሁን ስልህ ዋርካ ትሆናለህ» አሉኝና ወደ እርሻዬ ሸኙኝ። ድንቹ ላይ እንኳ አልተወዛወዝኩም።

ደጋችን ለትምህርቱ ሩቅ አልነበረም። ወደ ጋይንት ቢዘለቅ ቤተ ልሔም አለች፤ ድጓ እዚያ ካልተመሰከረ ተማርኩ አይባልም። ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ አለ። ድጓው በላይ፣ አቋቋሙ በታች፣ ገሳይ መካከል ላይ። ከደብረ ታቦር ወደ ቤተ ልሔም፣ ከቤተ ልሔም ወደ ደብረ ታቦር ሲመላለስ የነበረ ተማሪ ሁሉ በእኛ ደጅ አልፏል፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽ ያቀበልነው እኛ ነን። አንድም ሊቅ ግን መጽሐፍ ሲጽፍ «ገሳይ ላይ ቁራሽ በልቼ» ብሎ አላነሣንም። ሰው ጠግቦ ሲጽፍ እንዲህ ነው።

አሁን ሂዱና ለልጆቹ ጥያቄ አቅርቡላቸው። እኔ አቅርቤያለሁ። ደብረ ታቦር ላይ ባጃጅ ተራ የቆሙትን «ተክሌ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። አንዱ «የቱ ተክሌ? ሲኖትራክ የሚነዳው?» አለኝ። ሁለተኛው «ዘፋኝ ነው መሰለኝ» አለ። ሦስተኛው ጨዋ ልጅ ነው፣ «አባባ፣ የጠፋብዎ ሰው ካለ በማይክ እናስጠራልዎ» አለኝ። አለቃ ገብረ ሐናንስ ስላቸው ሦስቱም በአንድ አፍ ሳቁ፤ ገና ምንም ሳልናገር። አባትየው ስማቸው ሲጠራ ያስቃል፣ ልጅየው በማይክ ይፈለጋል።

ይህ እያናደደኝ ሳለ ነው እንግዲህ ጎረቤቴ ነገሩን በራሱ መንገድ ሊያቃናው የተነሣው። ሰውየው ሥራ ፈት አይደለም፣ ድንች ነጋዴ ነው፤ ወሬውንም እንደ ድንቹ በጆንያ ነው የሚያመጣው። አንድ ማታ ጠላ ቤት ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ አለቃ ገሳይ አድረው እንደነበር አወራ። ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ ጋይንት ሲሄዱ መሸባቸው፣ ዝናብ ያዛቸው፣ የአንዲት ሴት በር አንኳኩ። ሴትየዋ አስገብታ እሳት አነደደችላቸው፣ ቅቅል ድንች አቀረበችላቸው። አለቃም ድንቹን ልጠው፣ ሴትየዋን አይተው አንድ ነገር አሏት። የተባለውን እዚህ አልደግመውም፤ ጾም ነው።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ተነሣሁ።

«ድንች?» አልኩት።

«አዎ አያ፣ ድንች።»

«በየትኛው ዘመን?»

«በቴዎድሮስ ይሁን።»

ይሁን ይላል! ድንችን ወደዚህ አገር ያመጣው ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ ነው፤ ያውም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1858። በቴዎድሮስ ዘመን ጉና ሥር ያለ ገበሬ ድንችን ቢያየው ዕንቁላል ነው ብሎ ዶሮዋን ይፈልግ ነበር። የኛ ደጋ ድንች የለመደው ኋላ ነው፤ ከክፉ ቀን ወዲህ፣ ከብቱ አልቆ ሰው ያገኘውን መቅመስ ከጀመረ በኋላ። አለቃ ደግሞ በዚያን ጊዜ ሽማግሌ ናቸው፤ ምን ቆርጧቸው ነው በዝናብ ወደ ጋይንት የሚወጡት? ይህን ሁሉ ለቤቱ አስረዳሁ። ሳቁ ቆመ። አንዱ ሒሳብ ከፍሎ ወጣ። ጎረቤቴ ዋንጫውን እያየ ዝም አለ፤ ቅር አለው።

«አያ» አለኝ ሲቆይ፣ «አንተ አይደለህ እንዴ ሌት ተቀን ገሳይ ምን ተረፋት እያልክ የምታለቅሰው? ይኸው አንድ ሌሊት አሳደርኩልህ። አንተው በድንች አባረርካቸው።»

እውነቱን ነው፤ ግን በሕግ አምላክ፣ ውሸትም ደንብ አለው። ፎገራዎች ይህን ቢሰሙ ከወረታ እስከ እዚህ እየሳቁ ይመጡ ነበር። ጠላዬን አጋመስኩና ወደሱ ዞር አልኩ።

«ድንቹን አውጣው» አልኩት። «የገብስ ቆሎ በለው። ገብስ ያኔም ነበረን።»

«ቆሎ» አለ፤ ፊቱ ፈካ።

«ዝናቡንም ተወው፤ በረዶ አድርገው። ደግሞ በቴዎድሮስ ይሁን አትበል፤ ዘመን ከጠራህ የሚጠይቅህ ይመጣል።»

«ሴትየዋንስ? ስም ትፈልጋለች።»

«ስምማ አትስጣት» አልኩት። ጋቢዬን አስተካከልኩ፣ ግራ ቀኙን አየሁ፣ የወረታ ሰው አለመኖሩን አረጋገጥኩ። «የእናቴ ቅድመ አያት ብቻ በላት። ቤቷ እዚሁ መንገድ ዳር ነበር።»