ሐዘንተኛ ዳኛ አይሻም

«ሐምኔት»ን ያየ ሁሉ ተናጋሪ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2025 በቶሮንቶ ፌስቲቫል የተመልካች ምርጫ ሽልማትን የወሰደው የክሎዊ ዣኦ ፊልም ነው። ዊልያም ሼክስፒርና ሚስቱ የ11 ዓመት ልጃቸውን እ.ኤ.አ. በ1596 የቀበሩበትን ሐዘን ያሳያል። አዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ ሰፈር ጀበና ከተጣደበት ሁሉ የፊልሙ ፍርድ ሲሰጥ እሰማለሁ። ለእያንዳንዱ ፍርድ መልስ አለኝ።

— «ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ያለቅሳል እንዴ?»

ያለቅሳል! ለመሳቅ ስትከፍል ማን ጠየቀህ? እድርህንስ በየወሩ የምትከፍለው የማን ቤት እንደሚለቀስበት አውቀህ ነው? ገና ላልመጣ ሐዘን የሚያዋጣ አገር፣ በመጣ ሐዘን ላይ ሒሳብ አይጠይቅም።

— «እናትየው አበዛችው፤ ጩኸቷ ጆሮ ይበሳል።»

እትዬ፣ ሲወለድ የተጮኸለት ልጅ ሲሞት በሹክሹክታ ይሸኝ? የእኛ እናቶች ደረታቸውን ሲመቱ፣ ሙሾ ሲያወርዱ ማን «ቀንሺ» አላቸው? አንድ ጊዜ ግን ተብለዋል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ልጇ የተገደለባት እናት እንዳታለቅስ ተከለከለች። የልጁን ሬሳ ለመውሰድ የገደለውን ጥይት ዋጋ ክፈል የተባለ ወላጅም ነበር። ዝም ያለ ሐዘን የሚያምርዎት ከሆነ መስቀል አደባባይ ሩቅ አይደለም፤ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ይግቡና የግድግዳውን ፎቶዎች ይዩ። እንደዚያ ካዩ በኋላ የምትጮህ እናት ሲሰሙ «ተመስገን፣ የሚከለክላት የለም» ይላሉ።

— «አባትየው ግን ልበ ድንጋይ ነው። ልጁን ቀብሮ ሎንዶን፣ ወደ ሥራው!»

ጋሼ፣ በዚህ ሰፈር ሠልስት ሳያልፍ መሪ የጨበጠ፣ ሱቁን የከፈተ አባት ስንት አለ? ልጁን ረስቶ ነው? «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እያላችሁ አሳደጋችሁት፤ ሳያለቅስ ስታገኙት ደግሞ ልብ የለውም አላችሁ። ፊልሙን እስከ መጨረሻው ይዩት። ያ አባት «ሐምሌት»ን ጽፎ ራሱ የሞተው አባት መንፈስ ሆኖ መድረክ ላይ ይወጣል። በተውኔቱ ቀድሞ የሞተው አባት ነው፤ ልጁ ቆሞ ይናገራል። የአገራችን አባት ሁሉ ጧትና ማታ የሚለምነው ይኸንኑ አይደለም? «ልጄ ይቅበረኝ» አይደለም የሚለው? ተራው የተዛባበት ሰው፣ ብዕር እጁ ሲገባ ተራውን መለሰው። ይኼ ልበ ድንጋይ ካስባለ፣ ለስላሳው ልብ የማን ነው?

— «ሌሎች ልጆች አሏቸው አይደል? በነሱ ይጽናኑ።»

ይቺን ቃል ለቅሶ ቤት በር ላይ አራግፏት፤ ይዛችሁ አትግቡ! ሐምኔት ቢሞት መንትያው ጁዲት ተርፋለች። ተርፋ ግን ጁዲት ናት፤ ወንድሟን መሆን አትችልም፤ ሁኚ ብሎ መጫንም ግፍ ነው። «ሌላ ትወልጃለሽ» የተባለች እናት ሁሉ ልቧ የሚመልሰው አንድ ነው፦ እኔ ሌላ አላጣሁም፤ ያጣሁት እሱን ነው።

— «አዳራሽ ሙሉ ሰው የሚነፋረቀው ሁሉም ልጅ ሞቶበት ነው? እናቱ የሞተችበትና ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ አሉ!»

ይበሉ! ገበያ የሄደችበትም እንባው እውነተኛ ነው፤ ብትቀርስ ብሎ ነው። ልጁን ትምህርት ቤት ሸኝቶ፣ ማታ በሩ እስኪንኳኳ ጆሮው መንገድ ላይ የሚውል ወላጅ ሁሉ ይኼን ፍርሃት ያውቃል። ደግሞስ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የራሱን ሙት ሳያስታውስ የሚያለቅስ ማን ነው? በሰው ለቅሶ የእናቷን፣ የወንድሟን ያለቀሰችን ጎረቤት ከድንኳን ያስወጣ ጠባቂ አይቼ አላውቅም። ሲኒማ ቤቱም አያስወጣት።

— «የፈረንጅ ሐዘን ለእኛ ምናችን ነው?»

ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ሐምሌት»ን በአማርኛ ካናገረው ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል፤ ያ ልዑል የእኛን ቋንቋ ሲያለቅስበት ኖሯል። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ደግሞ አንዲት የገበሬ ልጅ፣ እረኛ፣ ላም ላድን ብላ በጎርፍ ተወሰደች። በባላባት መሬት ላይ ሲለፉ የኖሩ ወላጆቿ ሐዘን በውጭ አገር አዳራሾች ታየ። እዚያ የተቀመጠው ተመልካች «የሐበሻ ሐዘን ምናችን ነው?» ብሎ ቢነሳ ደስ ይልህ ነበር? እንግዲያው አንተም ተቀመጥ።

— «እሺ፤ አፍ ካስያዝከን፣ ለሐዘንተኛ ምን እንበል?»

እጅ ዘርጉ። በፊልሙ ማብቂያ የቲያትር ተመልካቹ መድረክ ላይ ወደሚሞተው ወጣት እጁን ይዘረጋል። ከመሃሉ የቆመችው እናት ማን እንደሞተባት አያውቅም፤ ግን ደረሰላት። እናንተ እያወቃችሁ አትራቁ። ሰባቱ አልፎ ድንኳኑ ሲነሳ፣ ምግብ የሚያመላልሰው ሲቀንስ፣ ያን ጊዜ ሂዱ። የካዛንቺስ ሰፈር ፈርሶ ጎረቤት በከተማው ዳርቻ ከተበተነ ወዲህማ ሐዘን ብቻውን የሚያድርበት ቤት በዝቷል፤ ታክሲ ተሳፈሩ፤ ካልሆነም ደውሉ። ስትገቡም የልጁን ስም ጥሩ። ምን ይወድ እንደነበር ጠይቁ። «አስለቅሳታለሁ» ብላችሁ ስሙን አትዋጡት፤ እሷ ሌሊት ሌሊት ብቻዋን ትጠራዋለች። ያጣችው፣ ቀን አብሯት የሚጠራው ሰው ነው።