የቀለም ሻይ፦ ከሞያሌ የተገኘ አጭር የምርምር ዘገባ

ቀለም ድንበር ሲሻገር ምን ይሆናል? ጉዳዩ እስከ ዛሬ ተገቢውን ትኩረት አላገኘም። ይህ ጥናት የተካሄደው ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ አንዲት ሻይ ቤት ውስጥ ነው። በጀቱ የተመራማሪው ኪስ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ «ሻይ» ማለት ነበር። ወተት የገባበት መጣ። ኬንያ ውስጥ «ቻይ» ብሎ ዝም ያለ ሰው ወተት እንዳዘዘ ይቆጠራል። የእኛን ዓይነት የፈለገ «ቻይ ያ ራንጊ» ማለት አለበት፤ ቃል በቃል «የቀለም ሻይ»። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሲሰማ ቀለም ለቆጠሩ ሰዎች ብቻ የሚቀዳ ይመስለዋል። እንግሊዝኛው «ብላክ ቲ» ብሎ ያጠቁረዋል። ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ ላነሣ ሰው ግን ቀይ ነው።

ዋናው ግኝት ግን ቢጫ ላይ ነው። አጠገቤ ሁለት ሾፌሮች ያወሩ ነበር።

«ቢጫ ካርድ አለህ?»

«አለኝ፣ ተወግቻለሁ።»

«የመኪናውን ነው እንጂ የምልህ!»

አንደኛው የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ነው። ሁለተኛው የአፍሪካ አገሮች የንግድ ማኅበር የሆነው የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ነው፤ መኪና በሌላ አባል አገር ለሚያደርሰው ጉዳት የሚሆን መድን፣ ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በ1986 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመ። ሦስተኛውን ዳኞች እ.ኤ.አ. ከ1970ው የዓለም ዋንጫ ጀምሮ ይመዙታል፤ ኬላ ላይ ሲጠየቅ አላየሁም። እንግሊዝኛ ደግሞ ፈሪን ቢጫ ይለዋል። አንዱንም ሳይዝ ኬላ የሚጠጋ ሾፌር በዚህ ፍቺ ቢጫ አይደለም።

ነጭም አልተረፈችም። የእንግሊዝኛው «ነጭ ውሸት» ሰው እንዳይከፋው የሚዋሽ፣ ማንንም የማይጎዳ ነው። የአማርኛው ነጭ ውሸት ዓይን ያወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በተመረቀው የጋራ ኬላ የሁለቱ አገር ሠራተኞች በአንድ ጣሪያ ሥር ይሠራሉ። ስለዚህ «ይህ ሁሉ ጫማ ለራሴ ነው» የሚል መንገደኛ አንዴ ተናግሮ ሁለት ዓይነት ነጭ ሊዋሽ ይችላል።

ከዛፍ ወገን ናሙናችን ባሕር ዛፍ ነው። እንግሊዝኛ «ብሉ ገም»፣ ማለትም ሰማያዊ የሚለውን እኛ ነጭ ባሕር ዛፍ እንለዋለን። ሁለቱም አልዋሹም፤ እነሱ ወደ ሰማያዊ የሚያደላውን ለጋ ቅጠል አይተዋል፣ እኛ ልጡ የተላጠውን ግንድ። ከአውስትራሊያ በምኒልክ ዘመን ባሕር ተሻግሮ ስለ መጣ ባሕሩ ስሙ ላይ ቀረ። ያዘነን ሰውም እንግሊዝኛ ሰማያዊ ይለዋል። እኛ ዘንድ ሰማያዊ የሚባለው ከምድር የተገላገለ ነው፤ ቋንቋዎቹ እዚህ ላይ ሊስማሙ ምንም አልቀራቸውም።

ለማረጋገጫ ሁለተኛ ብርጭቆ አዘዝኩ፤ «ቻይ ያ ራንጊ» አልኩ፣ ራንጊዋን ጠበቅ አድርጌ። አስተናጋጇ ወተት ያለበትን እያነሣች፣ ጥርት ባለ አማርኛ፦

«ጋሼ፣ ቅድም ‹ያለ ወተት› ቢሉኝ ኖሮ እኮ ይሄኔ ጠጥተው ጨርሰዋል።»