ለዋልካም ሁለት ሰዓት፣ ለአሸዋም ሁለት ሰዓት

ኧረ ወገን፣ ከሰው ጋር መጣላት ሰልችቶኝ ነበር፤ አሁን በስተርጅና ከሰዓት ጋር ልጣላ ነው። ድሮ እኛ ሐራ ውሃ የሚከፋፈለው በውሃ አባት ዓይን ነበር። ቦዩ ጫፍ ላይ ይቆምና እርጥበቱ ትልሙን መጨረሱን አይቶ “በቃህ፣ ዝጋ!” ይልሃል። ዛሬ የውሃ ኮሚቴው ስልኩን ያወጣና “ሁለት ሰዓት ሞላዎት” ይለኛል። እኔን ሞላኝ እንጂ ማሳዬን መቼ ሞላው!

ሁለት ቁራሽ መሬት አለችኝ፤ አንዷ ከተራራው ግርጌ፣ ሌላዋ ወደ ሜዳው ወረድ ብላ። ጎርፍ ከደጋው ሲወርድ ከባድ ከባዱን አስቀድሞ ይጥላል። ድንጋይና ጠጠሩን ግርጌው ላይ፣ አሸዋውን ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ጉልበቱ ሲደክም ደለሉን፤ በመጨረሻም ሜዳው ላይ ረግቶ ሲተኛ የላመውን ጭቃ። በዚህ ምክንያት የላይኛዋ ማሳዬ አሸዋ፣ የታችኛዋ ዋልካ ሆነች። ያማከረኝ የለም።

አሸዋው ጠጥቶ አይጠግብም። ውሃውን ስለቅበት ትልሙን ሳያጋምስ ይሰወራል፤ መግቢያው ላይ ያለው ሽንኩርት ሲዋኝ ጫፍ ላይ ያለው በጥም ይጠወልጋል። የዋልካው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። በበጋ እስከ ክርን እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የመጀመሪያው ውሃ እዚያ ዘው ብሎ ሲገባ “ዛሬስ ጠጣልኝ” ብለህ ደስ ይልሃል። ከዚያ አፈሩ ያብጥና ስንጥቁ ይገጥማል፤ አለቀ። ድግስ ላይ የመጀመሪያውን ብርዝ ጭልጥ አድርጎ፣ ሁለተኛው ሲመጣ ብርጭቆውን በመዳፉ የሚከድን እንግዳ አታውቁም? ብትለምነው፣ በአላህ ብትለው አይቀበልም። የቀረው ውሃ ላዩ ላይ ይተኛል፣ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል፣ ቢምቢዋም ትፈለፈላለች።

ይህን ስናገር የልጅ ልጄ ይስቅብኝ ነበር። ሰሞኑን ግን የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ያሳተመውን ከስልኩ አነበበልኝ፤ አሸዋ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ውሃ ያስገባል፣ እንደ ዋልካ ያለው ከባድ አፈር ግን ከ1 እስከ 5 ብቻ። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ ይደርሳል የተባለውን ባቡር አዘገመ እያልኩ ሳማ ኖሬ፣ ለካ የባሰው እግሬ ሥር ነው! “እስቲ አስላልኝ” አልኩት። በሁለት ሰዓት አሸዋው ከ60 ሚሊ ሜትር በላይ ሲውጥ፣ ዋልካው ቢበዛ 10 ነው። ታዲያ እኩል ደረሰህ የሚለኝ ማነው?

መዋጥና መያዝ ደግሞ ለየቅል ነው። አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ዋልካ ለሰብል የሚሆን ከ175 እስከ 250 ሚሊ ሜትር ውሃ ይቋጥራል፤ አሸዋው ከ25 እስከ 100። ስለዚህ አሸዋው ትንሽ ትንሽ፣ ግን ቶሎ ቶሎ ነው የሚፈልገው። ዋልካው በቀጭኑ፣ ረዘም ላለ ጊዜ፣ አልፎ አልፎ ቢያገኝ ይበቃዋል። የእኛ ተራ ግን ለሁሉም በየሳምንቱ ነው።

ልማት ሠራተኛዋ ጎበዝ ልጅ ናት፤ ባትሰማኝም እወዳታለሁ። “አባባ፣ ትልሙን ሁሉ እኩል ያድርጉት” አለችኝ። ልጄ፣ አሸዋ ላይ ትልሙ ይጠር፣ ውሃው ይብዛና ቶሎ ጫፍ ይድረስ፤ ዋልካ ላይ ትልሙ ቢረዝምም ግድ የለም፣ ውሃው ይቅጠን። አላመነችኝም። ከሁለቱም ማሳ እፍኝ እፍኝ አፈር አመጣሁና በውሃ አርሼ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ገፋሁት። የዋልካው ሳይቆረጥ ተስቦ ወጣ፣ ከጣቴ አልፎ ተንጠለጠለ። የአሸዋው ገና ሳልጫነው ተበተነ። “ይኸውልሽ ምስክር!” ስላት ስቃ ፎቶ አነሳችኝ። ፎቶው ውሃ ይጨምርልኝ ይመስል!

የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ቆቦ ሜዳ ላይ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍሮ ጠብታና ርጭት መስኖ ከዘረጋ ወዲህ፣ የእኛም ልጆች ዓይናቸው ቱቦ ላይ ነው። ጠብታ ደግ ነገር ነው፤ አልክድም። በቦይ ከምትለቀው 100 እጅ፣ ሥር የሚደርሰው 60 ያህሉ ሲሆን በጠብታ 90 ይደርሳል ይላሉ። የልጅ ልጄ ግን ቀዳዳው የተራራቀ ቱቦ ገዝቶ መጣና አሸዋው ላይ ዘረጋው። አሸዋ ላይ የወረደች ጠብታ ቀጥ ብላ ወደ ታች ነው የምትሄደው፤ ወደ ጎን የምትሰፋው ዋልካ ላይ ነው። በሁለት ቀዳዳ መሃል የተተከለው ቲማቲም ደረቀ። “ቀዳዳው ይቀራረብ አላልኩህም?” ስለው “አባባ፣ ፋብሪካው እንዲህ ነው የሠራው” አለኝ። ፋብሪካው የሐራን አሸዋ የት ያውቀዋል? የቀረውን ቀዳዳ ደግሞ ድፍርሱ ውሃ ደፈነው። አሁን ጎበዙ መርፌ ይዞ ቱቦ ሲወጋ ይውላል።

ባለፈው ተራዬ ዋልካው ላይ የገባው ውሃ ገና አልሰረገም። የዋልካው ተራ ግን ተመልሶ መጣ! ኮሚቴዎቹን “የእሱን ለአሸዋው አዙሩልኝ፤ ባለቤቱ አንድ፣ ውሃው አንድ” አልኳቸው። “ማመልከቻ ያስገቡ” አሉኝ። በ77ቱ ድርቅ ሰማዩ ሲዘጋ ዱዓ ነበር የምናደርገው፤ አሁን ማመልከቻ መጣ። የልጅ ልጄን አስጻፍኩት። ሲያነብልኝ “ዋልካው ውሃ አልቀበልም በማለት ስላስቸገረኝ” ይላል፤ አፈር ከስሼ አረፍኩት! እኔም ክሱ ከተጀመረ አይቀር፣ አሸዋውንም ሁለተኛ ተከሳሽ አድርገህ ጨምርልኝ አልኩት።